በረኛውና ልየው

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ሰው በረኛው ይለዋል። ኳስ ተጫውቶ አያውቅም፣ ዱላ ይዞም በር ላይ ቆሞ አያውቅም። ሥራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ በመድኃኒት ማከፋፈያው ኮምፒውተሮች ውስጥ ማን ምን ማየት፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል መወሰን ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የሚከፍትለት እሱ ነው፤ ሲለቅም የሚዘጋበት እሱ። ፓስወርድ የጠፋበት ሰው ሲመጣበት መጀመሪያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ ከዚያ መልሶ ያደርጋል፣ ከዚያ "እስቲ አንተ ማን ነህ?" ብሎ አሥር ዓመት አብሮት የሠራውን ሰው ይጠይቃል። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ደጅ ሲጠናው ደስ የሚለው ሰው ነው እንጂ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም።

ሚስቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት ባለው የጥሪ ክፍል ትሠራለች። ከጠዋት እስከ ማታ ፋርማሲዎችና ሆስፒታሎች እየደወሉ ይጠይቋታል። ያዘዝነው የት ደረሰ? መኪናው ወጥቷል? ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለው መርፌ አልሞቀም ወይ? የእሷ ስክሪን የሚያሳየው የደንበኛውን ስምና የትእዛዙን ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ለማወቅ የውስጥ ስልኩን አንስታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ መደወል ነበረባት። "እስቲ እይልኝ" ትለዋለች፤ ያይላታል።

ፍቅራቸውም የተጀመረው በዚሁ ነው። ሲስተሙ በጊዜው እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተ ነበር የሚከፈተው። እስኪከፈት ድረስ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ይቆያሉ፤ ዝም ብሎ መቆየት ደግሞ ይከብዳል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ታክሲ ያወራሉ፣ ቆይተው ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ፈጣን ሰርቨር ሲገዛ ከሁሉ ያዘነው እሱ ነበር። ቢሆንም ያኔ ተጋብተዋል፣ ስልኩም አልቀረም። በቀን ስንቴ እንደምትደውል ቢጠየቅ አያውቀውም፤ ጆሮው ግን ሳይደወልለት የቆየባትን እያንዳንዷን ሰዓት ያውቃታል።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ስብሰባ ጠርተው፣ ለጥሪ ክፍሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ረዳት ሊገባ መሆኑን ነገሯቸው። በተራ ቋንቋ ይጠየቃል፤ እሱ ራሱ በየሲስተሙ እየገባ አንብቦ መልሱን ይዞ ይመጣል። በዚያው ስብሰባ ሚስቱ የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆነች። ደዋዮች ስልክ ላይ ሳይጉላሉ ጥቂት ወራት ከሠራች ተጠባባቂ የሚለው ቃል ከላይዋ ይነሳል ተባለ። እሷ ይህን ቦታ ስትመኘው ኖራለች። ጎኗ የተቀመጠችው ባልደረባዋ እጇን ስትጨብጥላት በረኛውም ከወዲያ ማዶ ሆኖ ጥርሱ አልከደን አለው።

የመጋዘኑ ሰዎች ግን ተንጫጩ። ይህ ነገር ገብቶ ቁጥር ቢለውጥብንስ? መኪና ቢያዞርብንስ? በረኛው ያኔ ነው የተነሳው። መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። "ማንበቢያ ማንበቢያውን ብቻ ነው የምከፍትለት" አለ። "ያያል እንጂ አይነካም። ማየት ደግሞ ዕቃ አያጎድልም።" ሁሉም ረኩ፣ ሥራ አስኪያጇም "በረኛችን እያለ ምን ያሰጋናል?" ብለው አሞገሱት። ሰው በገዛ አፉ ጉድጓዱን ሲቆፍር እንዲህ እየተጨበጨበለት ነው።

ረዳቱ ወደየሲስተሙ ለሚገባበት ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት የፈቃድ ምርጫ አለ፦ ሁልጊዜ ፍቀድ፣ በየጊዜው ጠይቀኝ፣ ከልክል። የመጋዘኑን ክምችት፣ የቀዝቃዛ ክፍሎቹን ሙቀትና የመኪኖቹን መንገድ የሚያነቡትን ሁሉ "ሁልጊዜ ፍቀድ" ላይ አደረጋቸው። ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ፉጨቱን እያፏጨ ሊበላ ወረደ።

ረዳቱ ሲጠየቅ መጀመሪያ "ልየው" ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ነው መልሱን የሚያመጣው። የጥሪ ክፍል ሴቶች ሳይውሉ ሳያድሩ አቶ ልየው አሉት። ሳምንት ሳይሞላ አቶው ቀርቶ ልየው ብቻ ሆነ፤ እንደ ቤተ ሰብ።

የበረኛው ስልክ ግን ዝም አለ። መጀመሪያ መስመሩ የተበላሸ መስሎት አንስቶ አዳመጠ፤ ጤነኛ ነው። በነጋታው ከሌላ ክፍል ደውለውለት ሲጮህ ከወንበሩ ዘሎ አነሳው፤ የመጋዘን ሰው ነበር፤ እሷ ስላልሆነች ክፉኛ ተቆጣው። ምን ያድርግ? ቢደውልላት ምን ብሎ ይደውላል? የምትፈልገው ነገር የለም፤ የምትፈልገውን ሁሉ ያለ እሱ እያገኘች ነው።

ቤትም ሲገቡ የባሰ ሆነ። "ልየው እኮ ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይገባዋል" ትላለች ጫማዋን እያወለቀች። "ልየው አይሰለችም። ልየው ደግመሽ ጠየቅሽኝ ብሎ አይነጫነጭም።" አብራቸው የምትኖረው የሚስቱ እናት ይህንን ጥቂት ቀን ዝም ብላ ከሰማች በኋላ፣ ልጇ ልብስ ልትሰበስብ ስትወጣ ጠብቃ አማችዋን ወደ ጥግ ጠራችው።

"ልጄ፣ ይሄ ልየው የሚሉት ሰው ባለትዳር ነው?"

ሰው እንዳልሆነ፣ ማሽን እንደሆነ አስረዳት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች በሐዘኔታ አየችውና "እንግዲህ አንተ ካልከው ይሁን" አለችው።

ሰው በማሽን ይቀናል ወይ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ቅናት ሲመጣ የባላንጣውን መልክ አይመርጥም፤ ጢም ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም። የበረኛው አንጀት እርር ድብን ያለው ረዳቱ ቆንጆ ሆኖበት አይደለም። "እይልኝ" የምትለው ቃል የእሱ ነበረች፣ አሁን ለሌላ እየተባለች ነው። እሱ በገዛ እጁ አስገብቶት፣ በገዛ እጁ ከፍቶለት።

አንድ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ስክሪኑን ከፈተ። ለጥሪ ክፍሉ የተከፈቱትን የማንበቢያ ፈቃዶች ሁሉ ከ"ሁልጊዜ ፍቀድ" ወደ "በየጊዜው ጠይቀኝ" መለሳቸው። ከልክል አላለም፤ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ይጠየቅበታል። ከእንግዲህ ልየው የሚስቱን ጥያቄ ለመመለስ አንዲት ቁጥር ማንበብ ሲያስፈልገው፣ መጀመሪያ የበረኛው ስክሪን ላይ "ልይ?" ብሎ ደጅ መጥናት አለበት።

ሥራ አስኪያጇ ምክንያቱን ሲጠይቁት ተዘጋጅቶበታል። የተነበበ ነገር ሊሾልክ እንደሚችል፣ የትኛው ሆስፒታል ምን መድኃኒት እንደገዛ የሰው ምሥጢር መሆኑን፣ ውሻ በቀደደው ጅብ እንደሚገባ አስረዳቸው። ያ ሁሉ እውነት ነው። ስብሰባው ላይ ሊለው ይገባ የነበረም ይኸው ነበር። ውሸት የሆነ ሰበብ ቶሎ ይጋለጣል፤ እውነት ያለበት ሰበብ ግን ባለቤቱን ራሱን ያታልለዋል። ሥራ አስኪያጇ ጥንቃቄውን አመሰገኑ፣ እሱም ለአፍታ የእውነት ጠንቃቃ የሆነ መሰለው።

የመጀመሪያዋ ቀን ጣፈጠችው። ጥያቄው ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ ይላል፤ ሥሩ ላይ ሚስቱ የጻፈችው ይታያል፤ እሱ "ፍቀድ" የሚለውን ይጫናል። እንደ ድሮው በእሱ በኩል ማለፍ ጀመረች፤ እሷ ባታውቀውም። ግን ቅናት ሲያበሉት ይብስበታል እንጂ አይጠግብም። አሁን ደግሞ እንዴት እንደምትጠይቀው ማየት ጀመረ። "እባክህ" ትለዋለች። "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጨምርብህ" ትለዋለች። እሱን በስልክ "ኧረ ቶሎ በል፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው!" ነበር የምትለው። ለባል የማይባል እባክህ ለማሽን ሲባል ሲያይ ጣቱ "ፍቀድ" ላይ መዘግየት ጀመረ። "እባክህ" ያለችበትን ትንሽ ያቆየዋል። "አመሰግናለሁ" ካለችበት ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ሻይ እስኪጠጣ ያቆየዋል።

ከታች ስልኮች ይጮሁ ነበር። ደዋዮች ጠብቀው ጠብቀው ይዘጋሉ፣ ተናደው መልሰው ይደውላሉ። ሚስቱ ማታ ስትገባ ድምጿ ሻክሮ ነው። "ልየው ሰሞኑን ምን እንደነካው አላውቅም፣ ፈዘዘብኝ" አለችው። "እንዲህ ከሆነ እኔም ቦታውን አላገኘውም። እስቲ ኔትወርኩን እይልኝ።" በስንት ጊዜው "እይልኝ" አለችው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም። አያለሁ ብሎ ኔትወርኩን ወቀሰ፣ ገመዱን ወቀሰ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሆዱ እያወቀ በነጋታው ወደ "ሁልጊዜ ፍቀድ" አልመለሰውም። ነገ እመልሰዋለሁ ይላል፤ ነገ ደግሞ ሌላ "እባክህ" ይመጣል።

ከዚያ ያቺ ቀን መጣች። ረፋዱ ላይ ሚስቱ አንድ የጠፋ ካርቶን ፈልጎ ስላገኘላት ለልየው "አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" ብላ ጻፈች። ምስጋናው ከቀጣዩ ጥያቄ ጋር ተያይዞ በረኛው ስክሪን ላይ ወጣ። ጥያቄው አንድ የማቀዝቀዣ መኪና የት እንደደረሰና የውስጡ ቅዝቃዜ ምን ያህል እንደሆነ ነበር። በረኛው ግን ጥያቄውን አላነበበም። ከላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ደጋግሞ አነበበ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ስክሪኑን እንኳ ሳይቆልፍ፣ በጓሮ በኩል ወጥቶ በግቢው ዙሪያ መሄድ ጀመረ። መኪና የሚያጥቡት ሰዎች ሰላም አሉት፤ አልሰማቸውም። ከእሷ ጋር በልቡ ይከራከር ነበር፤ በልቡ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

ከታች የአንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ስልክ ላይ ነበረች። የሕፃናት ክፍል የሚጠብቀው መርፌ በዚያ መኪና ላይ ነው፤ በሰዓቱ ይደርስልናል ወይስ ከሌላ ሆስፒታል እንለምን ነው ጥያቄዋ። ሚስቱ ልየውን ጠየቀችው። "ልየው" አለ፣ ከዚያ ጸጥ። ደግማ ጠየቀችው። ልየው ከዚያ ቀን በፊት ምክንያቱን ተጠይቆ ስለማያውቅ እንጂ ደብቋት አልነበረም፤ "ለምን ዘገየህ?" ስትለው እንዲህ ሲል መለሰላት፦ "የማንበብ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው። ከሲስተም ክፍሉ ፈቃድ ሰጪ መልስ አልመጣም። ሰሞኑን የዘገዩት ሁሉ በዚሁ ምክንያት ነው።"

ሦስተኛ ፎቅ ባለው የሲስተም ክፍል ፈቃድ ሰጪ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፋርማሲስቷን መልሳ እንደምትደውልላት ነግራ፣ ሊፍቱን ሳትጠብቅ ደረጃውን ወጣች። ወንበሩ ባዶ ነው። ስክሪኑ ክፍት ነው። ጥያቄዎቿ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው "ልይ? ልይ? ልይ?" እያሉ ቆመዋል። ከላይ ያለውን "ፍቀድ" ራሷ ተጫነች። ከኪሷ ስልኳን አውጥታ መኪናው ሦስት መንደር ርቀት ላይ እንደሆነ፣ መርፌውም ቅዝቃዜውን እንደያዘ ለፋርማሲስቷ ነገረቻት። ፋርማሲስቷ ግን ጠብቃ ሲመርራት ከሌላ ቦታ ለምና፣ ሰው በሞተር ልካለች። ለሥራ አስኪያጇም ደውላ አማርራለች።

በረኛው ሲመለስ ሚስቱ ወንበሩ አጠገብ ቆማለች። አልተቀመጠችም።

"ይህን ማን ነው የቀየረው?" አለችው።

ስለ ደህንነት ጀመረ። ስለ ምሥጢር፣ ስለ ውሻና ስለ ጅብ። አላቋረጠችውም፣ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ለእሱ ስትከፍትለት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?" አለችው።

"ያው... ግማሽ ቀን።"

"ማንበብ ብቻ ከሆነ ለሰውም ይከፈታል?"

ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

"በተጋባን ሰሞን ጠይቄህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ለጥሪ ክፍል አይፈቀድም፣ ደንብ ነው አልከኝ። እውነት ነው ብዬ ስንት ዓመት ስልክ ተሸክሜ ሰው እያስጠበቅሁ ኖርኩ።"

መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን አነሳና ተወው። "ብሰጥሽ አትደውዪልኝም ነበር" አለ።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ፍቅር የሚመስለው ለራሱ ብቻ ነው።

"እኔ የቀናሁት መቼ እንደሆነ ልንገርህ?" አለች። "ያን ቀን ስብሰባው ላይ ተነስተህ ማየት ዕቃ አያጎድልም ስትል ነው። እጄን አጨብጭቤ ሆዴ ግን ተቃጠለ። የማላውቀው አንድ ነገር ከሰማይ መጥቶ በግማሽ ቀን የተሰጠውን፣ እኔ ሚስትህ አልተሰጠኝም። በልየው ቀናሁ። ለራሴ አፍሬ ለማንም አልነገርኩም።"

ወደ ታች ወረደች። እሱ ተቀምጦ ለእሷ የማንበቢያውን ሁሉ ከፈተላት፤ የሚያስጠብቅ ምንም አልነበረም፤ ጥቂት ጊዜ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ቀላልነቱ አሳፈረው።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጇ ሁለቱንም ጠሯቸው። ሆስፒታሉ አኩርፏል፣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሚስቱ ቀድማ፣ ጥፋቱ የክፍሏ እንደሆነ፣ እንደ ኃላፊ ቀደም ብላ ልትጠይቅ ይገባት እንደነበር መናገር ጀመረች። ባሏን አላየችውም። ሥራ አስኪያጇ ብዕራቸውን አነሱ። በረኛው ዝም ቢል ሥራው አይነካም፣ ክብሩ አይነካም፤ የሚነካው የእሷ ቦታ ብቻ ነው። ይህን ለማሰብ ጊዜ ነበረው፣ አሰበውም። የሚያስጠላው ማሰቡ ነው።

"የእሷ አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለደህንነት ብዬ አይደለም። ቀንቼ ነው።"

"በማን?" አሉ ሥራ አስኪያጇ።

"በልየው።"

አልሳቁም። ሁለቱን እያፈራረቁ አዩአቸው። በመጨረሻ ሚስቱን፣ የክፍሏን ፈቃዶች በሚመለከት ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ ጠየቋት። እሷም አሰበችና፣ ማየቱን እንዲተዉለት፣ መክፈትና መዝጋቱን ግን እንዲወስዱበት መለሰች። እንዳለችው ሆነ። የኃላፊነቱ ነገር ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲታይ ተቀጠረ፤ ተጠባባቂ የሚለው ቃል ከላይዋ ሳይነሳ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ እሱ ነበር፣ የተጣለው ግን የእሷ ብብት ውስጥ የነበረው ሆነ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረው።

ከዚያ ወዲህ ስክሪኑን ሲከፍት የጥሪ ክፍሉ ፈቃዶች ሁሉ ክፍት ሆነው ያያቸዋል። ማየት ይችላል፣ ሊነካቸው አይችልም። ቤትም እንዲሁ ሆነ። ሚስቱ አትሳደብም፣ አታኮርፍም፤ ጨው አቀብለኝ ትላለች፣ በሩን ቆልፈሃል ወይ ትላለች። ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠይቀውም። እሱም ጠብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር እያለ ይተኛል።

አንድ ምሽት እናቷ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ሁለቱ ብቻ ራት ቀርበው ሳሉ፣ ሚስቱ ሳህኗን እያየች "ዛሬ ልየው ተሳሳተ" አለች። "የቆመ መኪና እየሄደ ነው ብሎኝ ደንበኛ ፊት አዋረደኝ።"

በረኛው ፊቱን ለመሰብሰብ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ማንኪያውን አየ፣ መብራቱን አየ። ፊቱ ግን አልሰበሰብም አለ፤ ጥርሱ ለብቻው ወጣ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

"ደስ አለህ አይደል?"

"አዎ።"

"በጣም?"

"በጣም።"

ሳቋ አመለጣት። ልትይዘው ሞከረች፣ አፏን በእጇ ከደነች፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። እሱም የሚሳቅበት እሱ መሆኑን እያወቀ አብሯት ሳቀ።

"ታረቅን እንዳትል" አለችው ስትረጋጋ። "ገና ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ስትቀና ንገረኝ። እስቅብህ ይሆናል፣ እሱን ትችለዋለህ። ብቻ እኔ ሳላውቅ በር አትዝጋብኝ።"

እሱም ትንሽ አሰበና፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ እንደቀና፣ ከምሳ በኋላም እንደቀና፣ አሁን ልየው ተሳሳተ ስትል እንኳ ስሙን በመጥራቷ እንደቀና አንድ በአንድ ነገራት። እሷ ዳቦውን ወደ እሱ ገፋ አድርጋለት እስኪጨርስ ሰማችው።